በጎ ፈቃደኛውና የሕፃናት ማሳደጊያው፦ አገር በቀል በጎ አድራጎት ድርጅትን ለመምረጥ የሚረዱ መመዘኛዎች

መግቢያ

ለአጭር ጊዜ ወደ ሌላ አገር ተጉዞ በነፃ ማገልገል በበለጸጉ አገሮች ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ተግባር ከሆነ ውሎ አድሯል። ተማሪው የዕረፍት ወራቱን፣ ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን ይዞ ወደ እስያ፣ ወደ አፍሪካ ወይም ወደ ላቲን አሜሪካ ይሄዳል። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ወደ አገር ቤት ሲመጡ፣ ከዘመድ ጥየቃው ጎን ለጎን፣ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ወይም ትምህርት ቤት ጎብኝተው የአቅማቸውን ረድተው ይመለሳሉ።

ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት አዘውትሮ የሚያሰላስለው «ምን ልሥራ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «ለማን ልሥራ?» የሚለው ግን ከዚያ የበለጠ ክብደት አለው። አንድ ሰው በአራት ሳምንት ውስጥ በእጁ የሚሠራው ሥራ ውሱን ነው። የመረጠው ድርጅት ግን ከእርሱ የሚያገኘው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የአገልግሎት ክፍያ፣ ስጦታ፣ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ተጓዡ ወደሚኖርበት አገር ተመልሶ ከወዳጆቹ የሚያሰባስበውን ገንዘብ ጭምር ያገኛል። በዚህ ምክንያት የበጎ ፈቃደኛው ትልቁ አስተዋጽኦ፣ ወይም ትልቁ ጉዳት፣ የሚመነጨው ከሥራው ይልቅ ከምርጫው ነው።

ይህ ጽሑፍ የሕፃናት ማሳደጊያዎችን እንደ ማሳያ በመውሰድ አንድ ነጥብ ለማስረዳት ይሞክራል። ድጋፍ የታሰረበትን ነገር ያበዛል። ገንዘቡ ሕፃናት በአንድ ግቢ ውስጥ ከመገኘታቸው ጋር ከታሰረ በግቢው የሚገኙ ሕፃናት ይበዛሉ፤ ሕፃናት ከቤተሰባቸው ጋር ከመኖራቸው ጋር ከታሰረ ደግሞ ቤታቸው የሚያድጉ ይበዛሉ። ስለሆነም አንድን ድርጅት ለመደገፍ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የድርጅቱ ገቢ ከምን ጋር እንደታሰረ ነው።

የካምቦዲያና የኔፓል ተሞክሮ

ካምቦዲያ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 በዘለቀው የክመር ሩዥ አገዛዝ ከፍተኛ እልቂት የደረሰባት አገር ናት። በዚያ ዘመን ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት እጅግ ብዙ ነበሩ። ይሁን እንጂ ያ ትውልድ ወደ 2000ዎቹ ዓመታት ሲገባ ለአካለ መጠን ደርሶ፣ ራሱም ልጆች ወልዶ ነበር። ድህነትም እየቀነሰ በመሄድ ላይ ነበር። በመሆኑም የማሳደጊያዎች ቁጥር ይቀንሳል ተብሎ መጠበቁ ተገቢ ነበር።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በመንግሥት የሚታወቁት ማሳደጊያዎች 154 ሲሆኑ፣ በ2010 ቁጥራቸው 269 ደርሷል፤ ይህም በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 75 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። በእነዚሁ ዓመታት ወደ አገሪቱ የሚገቡ ጎብኚዎች ቁጥር ከ1.4 ሚሊዮን ገደማ ወደ 2.5 ሚሊዮን ገደማ አድጓል። በማሳደጊያዎቹ ከሚኖሩት ሕፃናት መካከል ከአራቱ የሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንደሚገኝ መታወቁ ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ አደረገው።

ይህ የሆነው ሁሉም ማሳደጊያዎች በክፉ ሰዎች ስለተቋቋሙ አይደለም። ሂደቱን ደረጃ በደረጃ መመልከት ይጠቅማል። ጎብኚው በከተማዋ ሳለ ሕፃናትን የመርዳት ፍላጎት ያድርበታል። ለማየትና ለመርዳት የሚመቸው በየመንደሩ ተበታትኖ የሚኖረው ድሀ ቤተሰብ ሳይሆን፣ ሕፃናት ተሰብስበው የሚገኙበት ግቢ ነው። ግቢው ስጦታ ያገኛል፤ በስጦታውም አልጋ፣ ምግብና የእንግሊዝኛ ትምህርት ያሟላል። በገጠር የምትኖር ድሀ እናት ልጇ በቤቷ ሊያገኝ የማይችለውን ትምህርት በዚያ እንደሚያገኝ ስትሰማ፣ ፍቅሯ ራሱ ልጇን አሳልፋ እንድትሰጥ ይገፋፋታል። አልጋው ሲሞላ ለተጨማሪ አልጋ ተጨማሪ ስጦታ ይጠየቃል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሁሉም ደግ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ወላጅ ያላቸው ሕፃናት ያለወላጅ ማደጋቸው ነው።

በኔፓል ደግሞ ሰንሰለቱ ደላላ ጨመረበት። እንደ ሁምላ ካሉ ሩቅ ተራራማ ወረዳዎች ሕፃናትን «ከተማ ወስደን እናስተምራቸዋለን» በማለት ከወላጆቻቸው የሚቀበሉ ሰዎች ተነሡ። ወላጆቹ ለጉዞውና ለትምህርቱ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ሕፃኑ ከተማ ሲደርስ ደግሞ ወላጆቹ እንደሞቱ የሚገልጽ ሰነድ ይዘጋጅለታል። የአገሪቱ ማሳደጊያዎች በብዛት የሚገኙት ችግሩ በበረታባቸው ወረዳዎች አይደለም። በብዛት የሚገኙት በካትማንዱ ሸለቆ፣ በፖካራና በቺትዋን አካባቢ፣ ማለትም ጎብኚ በሚበዛባቸው ስፍራዎች ነው። አንድ ተቋም የቆመበት ቦታ የተረጂውን ሳይሆን የረጂውን መንገድ የተከተለ ከሆነ፣ ገቢው ከምን ጋር እንደታሰረ ቦታው ራሱ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በኔፓል ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ መንግሥት አዲስ ማሳደጊያ እንዳይከፈትና ሕፃናት ያለአሳዳጊ ከወረዳቸው እንዳይወጡ ያገደው ይህን ስለተረዳ ነው። አደጋው የዓለምን ርኅራኄ በቀሰቀሰበት ወቅት፣ ያ ርኅራኄ ሕፃናትን ከቤታቸው የሚያስወጣ ኃይል እንዳይሆን ተሰግቶ ነበር።

በሕፃኑ ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ሕፃኑ በማሳደጊያው ምግብ፣ ልብስና ትምህርት ካገኘ ጉዳቱ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በታተመ ጥናቱ፣ ሕፃን ከአንድ የቅርብ ተንከባካቢ ጋር የሚመሠርተው የማይቋረጥ ግንኙነት ለአእምሮ ጤናው መሠረታዊ መሆኑን አስረድቷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ይህን አጠናክረውታል። ከእነዚህም ታዋቂው በሩማንያ ዋና ከተማ ቡካሬስት የተካሄደው ነው። በጥናቱ በማሳደጊያ ይኖሩ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሹ በዕጣ ተመርጠው በተተኪ ቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ተደረገ። ወደ ቤተሰብ የገቡት በአእምሮ ዕድገት፣ በቋንቋና ከሰው ጋር ጤናማ ቁርኝት በመመሥረት ረገድ ከቀሩት የተሻለ ለውጥ አሳዩ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት የበለጠ ተጠቃሚ ሆኑ።

የአጭር ጊዜ በጎ ፈቃደኛ በዚህ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል። ሊንዳ ሪክተርና ኤሚ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍ በደቡባዊ አፍሪካ የታየውን የማሳደጊያ ጉብኝት መርምረዋል። በተቋም የሚያድጉ ሕፃናት የማያውቁትን ሰው ሮጠው ሲያቅፉ ጎብኚው ድርጊቱን የደስታ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ለባለሙያው ግን ይህ የቋሚ ተንከባካቢ እጦት ምልክት ነው። ጎብኚው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ሲሰናበት እርሱ የማይረሳ ትዝታ ይዞ ይሄዳል፤ ሕፃኑ ግን አንድ ጊዜ የደረሰበትን መለየት እንደገና ይቀምሳል። በዓመት አሥር ቡድን የሚቀበል ማሳደጊያ ሕፃናቱን በዓመት አሥር ጊዜ ያሰናብታል ማለት ነው።

እነዚህ ማስረጃዎች ቀስ በቀስ በፖሊሲ ደረጃ ተቀባይነት አግኝተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያዎችን ተቀብሏል፤ በታኅሣሥ 2019 ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ ደግሞ ከቱሪዝም ጋር የተያያዘ የማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነት የሚያስከትለውን ጉዳት አገሮች እንዲከላከሉ ጠይቋል። በአውስትራሊያም እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የዘመናዊ ባርነት ሕግ ከመውጣቱ በፊት በተካሄደው የምክር ቤት ምርመራ፣ ሕፃናትን ለገቢ ሲባል ወደ ማሳደጊያ ማጋዝ የዘመናዊ ባርነት አንድ መልክ ተደርጎ ታይቷል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

ኢትዮጵያ ይህን ሰንሰለት በሌላ መልኩ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ አገሪቱ ለውጭ አገር ጉዲፈቻ ሕፃናትን በብዛት ከሚሰጡት ቀዳሚ አገሮች አንዷ ሆና ነበር። በ2010 የአሜሪካ ቤተሰቦች ብቻ ከ2,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን የወሰዱ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ለአሜሪካ በሰጠችው የጉዲፈቻ ልጅ ብዛት ኢትዮጵያን የምትበልጣት ቻይና ብቻ ነበረች። ለጉዲፈቻ የሚከፈለው ገንዘብና ለማሳደጊያዎች የሚሰጠው መዋጮ ሕፃናት ወደ ተቋማት እንዲገቡ ግፊት ፈጠረ።

የቃል መመሳሰልም የራሱ ጉዳት ነበረው። «ጉዲፈቻ» ከኦሮሞ ባህል የመጣ ቃል ነው። በባህሉ መሠረት ልጁ ወደ አዲስ ቤተሰብ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የተወለደበት ቤት አይደበቅም፤ ዝምድናውም ይዘልቃል። በውጭ ሕግ የሚፈጸመው ጉዲፈቻ ግን የትውልድ ቤተሰብን ሕጋዊ ትስስር ፈጽሞ ያቋርጣል። ልጃቸው ተምሮ እንደሚመለስና እንደሚጦራቸው አምነው የፈረሙ ወላጆች ነበሩ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 በቀን የሚስተናገዱትን ጉዳዮች ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። በጥር 2018 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሙሉ በሙሉ ከለከለ።

ክልከላው አንዱን የገንዘብ በር ዘጋ። የጎብኚውና የለጋሹ በር ግን ክፍት ነው። ከዋሽንግተን፣ ከሮም ወይም ከዱባይ የመጣ ወገን ለልጆች ልብስና ደብተር ይዞ ወደ አንድ ማሳደጊያ ሲገባ የካምቦዲያው ጎብኚ ከቆመበት ቦታ ላይ ይቆማል። በእርግጥ ልዩነት አለ፤ ቋንቋውን ያውቃል፣ ዘመድ አለው፣ ደጋግሞ ይመጣል። እነዚህ ልዩነቶች ጥቅም የሚሰጡት ግን ለማጣራት ከተጠቀመባቸው ብቻ ነው።

ከተቋሙ ውጭ ያለውን የአገሬውን አቅም ማስተዋልም ያስፈልጋል። ዕድር በመሠረቱ ለቀብርና ለሐዘን የተቋቋመ ማኅበር ነው። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ወቅት ግን ቀባሪው ሲበዛና መዋጮው ሲመናመን፣ በርካታ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙትን በሕይወት ሳሉ መርዳትና ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን በየዘመዶቻቸው ቤት መደገፍ ጀመሩ። ዕድር የሚረዳው ልጅ ከሰፈሩ አይወጣም፤ ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር ይኖራል፤ የሚረዱትም በየቀኑ የሚያዩት ጎረቤቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለው ማኅበር ለጎብኚ የሚያሳየው ግቢም ሆነ የሚያስጨፍራቸው ሕፃናት የሉትም። በለጋሽ ዓይን ሳይታይ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕጉ የሚያሳየውና የማያሳየው

አንድ ለጋሽ በኢትዮጵያ የሚሠራ ድርጅትን ለማጣራት ቢፈልግ በመጀመሪያ የሚያገኘው የሕግ ማዕቀፉን ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል። ድርጅቶች በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘገባሉ፤ ዓመታዊ የሥራና የሂሳብ ሪፖርትም ያቀርባሉ። ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ አዋጁ ይደነግጋል። በቀድሞው ሕግ ጣሪያው 30 በመቶ ነበር።

ምዝገባና የኦዲት ሪፖርት የሌለው ድርጅት ጥንቃቄ እንደሚሻ ግልጽ ነው። ነገር ግን እነዚህ ብቻቸውን በቂ አይደሉም። የአስተዳደር ወጪ ዝቅ ማለት የውጤት ማስረጃ ተደርጎ መወሰዱ የተለመደ ስሕተት ነው። በቀድሞው አሠራር ለሥልጠናና ለትራንስፖርት የሚወጣው ገንዘብ ሳይቀር በአስተዳደር ወጪነት መመደቡ ብዙ ቅሬታ አስነሥቶ ነበር። ምክንያቱም ቤተሰብን ለማጽናት የሚሠራ ድርጅት ዋና ወጪው ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ሠራተኛና የመጓጓዣው ነው። ሕፃናትን በአንድ ግቢ የሚያኖር ተቋም ግን ምግብና አልጋ ስለሚገዛ ወጪው በሙሉ «ለሕፃናቱ» የዋለ መስሎ ይታያል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ለጋሽ ስለዚህ የተሻለውን ትቶ የባሰውን ሊመርጥ ይችላል።

ለምርጫ የሚረዱ ጥያቄዎች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት፣ በጎ ፈቃደኛም ሆነ ለጋሽ አንድን ድርጅት ከመደገፉ በፊት ሊያነሣቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎችን ማስቀመጥ ይቻላል።

አንደኛ፣ ስኬቱን የሚቆጥረው በምን ነው? «በዚህ ዓመት ስንት ሕፃናት ተቀበላችሁ?» ከሚለው ይልቅ «ስንቱን ከዘመዶቻቸው ጋር መልሳችሁ አዋሐዳችሁ? ከተመለሱ በኋላስ ማን ይከታተላቸዋል?» የሚለው ጥያቄ የድርጅቱን ዓላማ ያሳያል። የሚወጡትን የማይቆጥር ተቋም መውጣታቸውን አይፈልግም ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በጎ ፈቃደኛውን ማን ጠየቀ? እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት 280 ያህል ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆነው ለሁለት ዓመት አገልግለዋል። አስተማሪ እንዲላክለት የጠየቀው የአገሪቱ መንግሥት ነበር፤ ሥራውም የተወሰነና የታወቀ ነበር። ሥራው ለእንግዳው ሲባል የተፈጠረ ከሆነ ግን ተገልጋዩ እንግዳው ራሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ያን ሥራ የአገሩ ሰው ሊሠራው አይችልምን? የአንድ የአየር ቲኬት ዋጋ የአንድን ማኅበራዊ ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ሊሸፍን ይችላል። ልምድ ያላት ነርስ ለአገር ቤት ባልደረቦቿ ሥልጠና ብትሰጥ ዕውቀቱ ከእርሷ በኋላ ይቀራል። ሙያ የሌለው ወጣት ግድግዳ ቢቀባ ግን ከአንድ የሰፈር ቀቢ ላይ የቀን ሥራ ይወስዳል።

አራተኛ፣ ድርጅቱ «አይሆንም» ይላልን? ማንነታቸው ያልተጣራ እንግዶችን ወደ ሕፃናቱ መኝታ የሚያስገባ፣ ሕፃናቱን ለፎቶግራፍ የሚያሰልፍ ተቋም፣ በሌላ ጊዜ ለሌላ ክፉ ሰውም በሩን ይከፍታል። የወንጀል ነፃ ማስረጃ የሚጠይቅ፣ የሕፃናቱን ፊት እንዳይነሣ የሚከለክል፣ ልግስናን በጨዋነት እስከ መመለስ የሚደርስ ድርጅት ምንም እንኳ ለእንግዳው የማይመች ቢመስል የበለጠ እምነት ይገባዋል።

አምስተኛ፣ ጎረቤቱ ምን ይላል? የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ የአካባቢው ዕድር፣ በአቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት ስለ ድርጅቱ የሚያውቁት በሪፖርት ላይ ከሚነበበው ይለያል። ቋንቋ የሚያውቀው የዲያስፖራ አባል ከሌላው እንግዳ የሚበልጠው በዚህ ነው። ግማሽ ቀን በሰፈሩ ውሎ መጠየቅ አንድ ወር በግቢው ውስጥ ከማገልገል የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ሁለት ጥንቃቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በግትርነት ከተያዙ የራሳቸውን ጉዳት ያስከትላሉ። የመጀመሪያው ትንንሽ ማኅበራትን ይመለከታል። ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ አሳምሮ የሚያቀርበው ድርጅት የተሻለ ሠሪ ነው ማለት አይደለም፤ ጸሐፊ ለመቅጠር አቅም አለው ማለት ብቻ ነው። ደብተሩን በእጅ ጽሑፍ የሚይዝ ዕድር ግን አባላቱ በየወሩ ፊት ለፊት ሂሳቡን ይተሳሰቡበታል። መጠየቅ የሚገባው ተጠያቂነት መኖሩ እንጂ መልኩ አይደለም።

ሁለተኛው ዛሬ በማሳደጊያ የሚገኙትን ሕፃናት ይመለከታል። ማስረጃውን ያነበበ ለጋሽ ድጋፉን በአንድ ቀን ቢያቋርጥ የሚራበው ሕንፃው ሳይሆን ሕፃኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ጉዞን ባስቆመ ጊዜ በተለያዩ አገሮች ሕፃናት ያለበቂ ዝግጅት ወደየቤታቸው ተሰናብተዋል። ድንገተኛ መመለስ ከድንገተኛ መለየት የተሻለ አይደለም፤ ቤተሰቡ መፈለግ፣ መጠናት፣ መደገፍና ክትትል ማግኘት ይኖርበታል። ስለዚህ ቀድሞ ማሳደጊያ ሲረዳ የኖረ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ጥሩ ነገር ድጋፉን ማቋረጥ ሳይሆን ማሠሪያውን መለወጥ ነው። ለአልጋ ይሰጥ የነበረውን፣ ከድርጅቱ ጋር ተነጋግሮና ጊዜ ወስኖ፣ ሕፃኑን ወደ ቤቱ ለሚመልሰው ሥራ እንዲውል ማድረግ ይችላል። ድርጅቱ ለዚህ ውይይት የሚሰጠው መልስም ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው።

መደምደሚያ

የካምቦዲያና የኔፓል ማሳደጊያዎች፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ታሪክ፣ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው። በጎ ፈቃድ በራሱ አቅጣጫ የለውም፤ አቅጣጫ የሚሰጠው የተሰጠበት መንገድ ነው። ለሕፃናት ታስቦ የተሰጠ ገንዘብ ሕፃናትን ከእናታቸው ሊለያይ እንደሚችል ታይቷል። ያው ገንዘብ ለእናቲቱ የሥራ መነሻ፣ ለአያቲቱ የቤት ኪራይ፣ ለልጁ የትምህርት ቤት ወጪ ቢውል ኖሮ መለያየቱ ባልተፈጠረ ነበር።

በጎ ፈቃደኛው ከአገልግሎቱ በኋላ ምን እንደተሰማው መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ዋናው መመዘኛ ግን ያ አይደለም። የእርሱ መምጣት በመጪው ዓመት ምን እንዲበዛ አደረገ የሚለውን መመለስ የሚችል ሰው ምርጫውን አጣርቷል ሊባል ይችላል። ይህን አጣርቶ ከቤቱ ሳይነሣ ቢቀር፣ የጉዞውንም ወጪ ልጆችን በየቤታቸው ለሚደግፍ አንድ የሰፈር ማኅበር ቢልክ እንኳ፣ አገልግሎቱ ተፈጽሟል።